በሽታ የሚቆጥረውና ካቢኔ የሚቀመጠው ሰው ይለይ

ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
የጤና፣ ማኅበራዊ ልማት፣ ባህልና ስፖርት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የጤና መሥሪያ ቤቶች የሙያ አመራር ከፓርቲ ምደባ የሚለይበት ሕግ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቋሚ ኮሚቴው አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በወረዳና በዞን የበሽታዎች ቅኝት ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ያሳለፍኩ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ነኝ። ለማንም ፓርቲ ብዬ አልጻፍኩም፣ በማንም ፓርቲ ላይም አልተነሣሁም። የማነሣው ነገር በኢሕአዴግ ዘመን ነበር፣ ዛሬም አለ፣ ሕጉ ካልተለወጠ ነገ ሌላ ፓርቲ ቢመጣም ይኖራል። ወረርሽኝ ገብቷል ብሎ የማሳወቅ ግዴታ ያለበት ሰው፣ ወሬው ሲወጣ በሚያፍረው አካል እንዳይሾምና እንዳይሻር እንድታደርጉልን ነው ልመናዬ።

የቅኝቱ መስመር ወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነው። ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉት በሽታዎች አንዱን የጠረጠረች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለጤና ጣቢያው ታሳውቃለች። ጤና ጣቢያው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉ ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያደርሳል። እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንደተጻፈው ይሄዳል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ኔትወርክ ከሌለ ተራራ ወጥተው ይደውላሉ። የሚቆመው ወረዳ ሲደርስ ነው።

ወረዳ ላይ ለምን እንደሚቆም ከእናንተ መካከል በወረዳ አመራርነት ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የካቢኔ አባል ነው። ጧት የፀጥታ ስብሰባ ላይ ይቀመጣል፣ ከሰዓት የማዳበሪያ ዕዳ ማስመለሻ ግብረ ኃይል ውስጥ ነው፣ ማታ ደግሞ ግምገማ ይጠብቀዋል። ግምገማው ላይ የሚጠየቀው ስንት ሕፃን እንዳስከተበ ብቻ አይደለም፤ ስለ ‹አመለካከቱ›፣ ስለ ‹ተልዕኮ አፈጻጸሙ›ም ይጠየቃል። ዛሬ ጤና ላይ ያለው ሰው ከርሞ ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ስፖርት ይመደባል። በሽታውን ለማወቅ ጊዜ ሳያገኝ ይነሣል፣ ተተኪው ደግሞ ከ‹ሀ› ይጀምራል።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወረዳውን አልጠራም። ጊዜው ክረምት ነው። ከአንድ ቀበሌ የመጡ ሦስት ሰዎች፣ ሁለቱ ባልና ሚስት፣ የሩዝ እጣቢ በመሰለ ተቅማጥ ተዳክመው ጤና ጣቢያ ገቡ። የሴትዮዋ ዓይን ጎድጉዶ ነበር፣ ቆዳዋን ቆንጥጠው ሲለቁት አይመለስም። ፈጣኑ የኮሌራ መመርመሪያ ሁለት መስመር አሳየ፤ በሽታው አለ ማለት ነው። የቅኝት ባለሙያው ቅጹን ሞልቶ፣ የላቦራቶሪ ናሙናውን አዘጋጅቶ ለኃላፊው አቀረበ። ኃላፊው ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበውና ‹‹ከአስተዳዳሪው ጋር ሳንነጋገር እንዳይላክ›› አለ። ያ ቀበሌ በሚቀጥለው ሳምንት ‹ከሜዳ ላይ መፀዳዳት ነፃ› ተብሎ ሊመረቅ ነበር። ድንኳን ተከራይተዋል፣ ከክልል እንግዳ ተጠርቷል፣ ሰንጋው ሳይቀር ተገዝቷል። ናሙናው ካርቶን ውስጥ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አደረ፣ ዋለ፣ ደግሞም አደረ። በሳምንቱ ሪፖርት ላይ ሦስቱ ሰዎች ‹ሌላ የተቅማጥ በሽታ› በሚለው ረድፍ ገቡ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ከመምህርነት የመጣ፣ ሰው የሚወድ፣ አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ አይቶ የሚያዝን ሰው ነው። በዚያው ሌሊት አምቡላንሱን ወደ ጎረቤት ወረዳ ልኮ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ፣ ሪንገር ላክቴት፣ ተበደረ። ‹ለምንድን ነው?› ሲሉት ‹ለወላዶች› አላቸው። የሚያደርገውን ያውቃል፣ ማዳንም ይፈልጋል፣ መናገር ግን አይችልም። ያ ጎረቤት ወረዳ መድኃኒቱን አውሶ፣ በአንድ ወንዝ ከሚጠጡት ጎረቤቶቹ ዘንድ ምን እንደገባ ሳያውቅ ሰነበተ። በሽታው የሰው መዋቅር አይጠብቅምና ከምረቃው ድንኳን ቀድሞ ወንዙን ተሻገረ።

‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም› የሚለውን ተረት ለታማሚው ስንነግረው እንኖራለን፤ ለጽሕፈት ቤቱ ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከወረዳ በላይ ያለው ሲታይም ያው ነው። በ1965 የወሎ ረሃብ እየታወቀ ዝም ተባለ። በ1977ቱ ድርቅ ዋዜማ አገሪቱ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት እያከበረች፣ ስለ ረሃቡ ጮክ ብሎ መናገር በዓሉን እንደ ማበላሸት ተቆጠረ። በ2008 ክረምት አዲስ አበባ ላይ፣ በ2009 ደግሞ በሶማሌ ክልል በብዙ ሺህ ሰው ላይ የደረሰው በሽታ በመንግሥት መግለጫ ሁሉ ‹አተት› ነበር። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ምልክቱን መግለጽ ነው፣ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ኮሌራ ብሎ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ እስካልቀረበ ድረስ ከዓለም አቀፉ ክምችት የኮሌራ ክትባት መጠየቅ አይቻልም። ጎረቤት አገርም ድንበሩ ላይ አይዘጋጅም፣ እናትየዋም ‹ተቅማጥ ነው፣ ይለቀዋል› ብላ ልጇን ቤት ታቆየዋለች። ኮሌራ ሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ፈሳሽ ከተተካለት ግን ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞትበትም። እንግዲህ በመግለጫው ላይ የሚጻፈው ቃል በቀጥታ ነፍስ ውስጥ ይገባል።

ነገሩ በግንቦት 2009 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ምርጫ ሲቃረብ የውጭ ጋዜጦች መነጋገሪያ ሆኖ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ለቦታው የተወዳደሩት የቀድሞው የጤና ሚኒስትር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም በሚኒስትርነታቸው ዘመን ወረርሽኝ ተደብቋል የሚለውን ክስ አስተባብለዋል። ማን ትክክል እንደነበር እዚህ ለመፍረድ አልመጣሁም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ያኔ አንድ ኢትዮጵያዊ ‹እንዲህ አልነበረም፣ መዝገቡ ይኸውና› ብሎ በነፃነት ሊያቀርበው የሚችለው፣ ከሚኒስትሩም ከፓርቲውም ያልወጣ ሰነድ አልነበረንም። ደጋፊው በእምነት ተከራከረ፣ ተቃዋሚውም በእምነት ተከራከረ።

በ2011 መንግሥት በሽታውን በስሙ ጠራው። በዋግ ኽምራም፣ በኦሮሚያም፣ በአዲስ አበባም ኮሌራ ኮሌራ ተባለ። ሰማይ አልተደፋም። ቡናችንም ገበያ አላጣም። በነሐሴ 2014 ባሌ ሐረና ቡሉቅ ላይ የጀመረው ወረርሽኝ ወደ ብዙ ክልሎች ሲዛመት፣ በ2015 ክረምት ቋራ በርመል ጊዮርጊስ ፀበል ላይ ከሩቅ የመጡ ፀበልተኞች ሲወድቁ፣ ቢያንስ ምን እንደሆነ ይነገር ነበር። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ የተባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ሲከሰትም ጥርጣሬው በተሰማ በቀናት ውስጥ ውጤቱ ለሕዝብ ተገለጸ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው፣ አመሰግናለሁም። ነገር ግን ይህ የሆነው በወቅቱ ወንበሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ስለፈቀዱ ነው። ባይፈቅዱ የሚያስገድዳቸው ምን ሕግ ነበር?

የኮሮናውን ዘመን ደግሞ አስቡት። በመጀመሪያ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ እንልክ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ አገር ውስጥ የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች ተከፈቱ። በየቀኑ የሚወጣው የቁጥር መግለጫ ሰዉ የሚጠብቀው ነገር ሆኖ ነበር። ከዚያ ምርጫ መጣ። ነሐሴ 2012 ሊደረግ የነበረው ምርጫ በበሽታው ምክንያት ተላለፈ፣ ትግራይ ለብቻዋ ምርጫ አደረገች፣ በመስከረም 2013 ደግሞ ጤና ሚኒስትሯ ምክር ቤታችሁ ፊት ቀርበው በጥንቃቄ ምርጫ ማካሄድ ይቻላል አሉ። ምክሩ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም ሌላ ጥያቄ ነው። ግን የአገሪቱ ትልቁ የፖለቲካ ጭቅጭቅ በአንዲት ሐኪም ትከሻ ላይ ወደቀ፣ እሷም በፓርቲ የሚመራ ካቢኔ አባል ነበረች። ከዚያ በኋላ ‹ኮሮና የለም፣ ፖለቲካ ነው› የሚለው ሰው ምን ያህል እንደበዛ በየታክሲው የሰማ ሁሉ ያውቃል። ማስክ አድርጉ ብለን ገበያ ስንወጣ መልሱ ሳቅ ነበር። ያንኑ ምክር ከመንግሥት ሹመት ነፃ የሆነ ተቋም ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚከራከሩት በቁጥሩ ላይ ይሆን ነበር።

አሁን ስለ ጦርነት ቀጠናዎቹ ልናገር፤ ለኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። የወረዳ ጤና ኃላፊ የካቢኔ አባል ስለሆነ፣ ታጣቂ ወረዳ ከተማዋን ሲይዝ ከአስተዳዳሪው ጋር ይሸሻል። ሊሸሽ ግድ ነው፣ የሚፈለገው እሱም ነውና። ማኅተሙን ይዞ ይሄዳል። ማኅተም ከሌለ መድኃኒት ከመጋዘን አይወጣም፣ ደመወዝ አይፈረምም፣ የአምቡላንስ ነዳጅ አይቆረጥም። ነርሶቹ ቦታቸው ላይ ናቸው፣ በሽተኛው ቦታው ላይ ነው፣ የወባ መድኃኒቱ ግን ዞን ከተማ ቀረ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የወባ ሕሙማን ቁጥር በ2024 ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ለዚህ ዝናቡም፣ ትንኟም፣ የአጎበር እጥረቱም ድርሻ አላቸው፣ ጦርነቱም አለ። በጦርነቱ ውስጥ ግን የጤናው ሰው ‹የመንግሥት ሹም› ሆኖ መታየቱ በሩን በራሳችን እጅ እንደዘጋው ይሰማኛል። ኃላፊው ማንም የማይፈራው፣ በውድድር የተቀጠረ የጤና ባለሙያ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ወገን በኩል ሊያልፍ የሚችልበት ዕድል ይኖረው ነበር። አያልፍም ትሉኝ ይሆናል። ቢያንስ ሞክረን አላየነውም።

ታች ደግሞ ከ1995 ጀምሮ የገነባነው የጤና ኤክስቴንሽን አለ። ከሠላሳ ሺህ በላይ ሴቶች ቤት ለቤት እየሄዱ የሠሩትን ሥራ ዓለም መጥቶ ተምሮበታል። በ1992 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ይህ ቁጥር 67 ሆነ። ይህን የፖለቲካ ውሳኔ ያመጣው መሆኑን ልክድ አልችልም፣ አልክድምም። ገንዘብ የመደበው፣ መዋቅር የዘረጋው ፓርቲ ነው። በመካከሉ ግን ‹አንድ ለአምስት› እና ‹የልማት ሠራዊት› መጣና እናቶችን ስለ ክትባት የሚያስተምረው መረብ የድጋፍ ሰልፍ ጥሪና የመዋጮ ደረሰኝ ማከፋፈያም ሆነ። የክትባት ካርድ የያዘችው የኤክስቴንሽን ልጅ የመዋጮ ደረሰኝም ይዛ ስትመጣ ‹የሉም› የሚባልበት ቤት እየበዛ ሄደ። ልጅቷ ሌላ ሰው አልሆነችም። ውሻው እንኳ ያውቃታል፣ አይጮህባትም፤ በሩ ግን አይከፈትላትም።

አንድ ነገር ደግሞ ይገርመኛል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደመወዛችን ልጅ ማሳደግ አቃተን ሲሉ ጥያቄው ‹የፖለቲካ አጀንዳ ያለው› ተባለ፣ የታሰሩም ነበሩ። የፓርቲ ሰው ሆስፒታል ሲመራ ሙያ ነው፣ ነርስ ስለ ደመወዟ ስትናገር ፖለቲካ ነው። ይህን ስሌት የሚያስረዳኝ ቢኖር እወድ ነበር።

ችግሩ የደሃ አገር ብቻ ነው እንዳይባል አሜሪካን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2025 የክትባት አማካሪ ኮሚቴ 17 አባላት በአንድ ቀን ተሰናበቱ፤ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሉ ዳይሬክተርም ቃለ መሐላ በፈጸሙ በወሩ ተነሡ። በ2001 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ (የወረርሽኝ ምርመራ) ሥልጠናችንን ያገዘን ይኸው ማዕከል ነበር። ያስተማሩን ሰዎች ከወንበራቸው ሲነሡ ማየቴ፣ ልማድና መልካም ስም ብቻውን ተቋም እንደማይጠብቅ አሳይቶኛል። ሕግ ያስፈልጋል።

ሕግ ለማውጣት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራ ያዛል። ዳኞችም ነፃነታቸው በሕገ መንግሥቱ ተጽፏል። በ2011 የወጣው የምርጫ ቦርድ ማቋቋሚያ አዋጅ የቦርዱን አባላት ዕጩዎች ከሃይማኖት ተቋማትና ከሲቪል ማኅበራት ጭምር የተውጣጣ ኮሚቴ እንዲመለምል አድርጓል። ድምፅ ለሚቆጥር ሰው ይህን ያህል ከተጨነቅን፣ ሬሳ ለሚቆጥረው ለምን አንጨነቅም?

የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዋና ዳይሬክተር በእንደዚህ ያለ ኮሚቴ ተመልምሎ፣ በእናንተ ጸድቆ፣ ለተወሰነ ዘመን ይሾም። ዘመኑ ሳይደርስ ሊነሣ የሚችለው ምክንያቱ በጽሑፍ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ሲሆን ብቻ ይሁን። የኢንስቲትዩቱ ሳምንታዊ የወረርሽኝ መግለጫ በታወቀ ቀን፣ የሚኒስትር ፈቃድ ሳይጠበቅ፣ በወረዳ ተዘርዝሮ ይውጣ። የመግለጫው ቀን በሕግ ከተቆረጠ፣ አንድ ሳምንት ቢቀር የቀረበት ምክንያት ራሱ ዜና ይሆናል።

በወረዳ በኩል ሐሳቤን ለባልደረቦቼ ሳነሣ ሁሌ የሚገጥመኝ ጥያቄ አለ፦ ‹‹የጤና ኃላፊው ካቢኔ ውስጥ ካልተቀመጠ በጀት ማን ይጠይቅልናል?›› ይህ ቀልድ አይደለም። የወረዳ በጀት የሚከፋፈለው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፣ ወንበር የሌለው ዘርፍ ፍርፋሪ ይደርሰዋል። ስለዚህ ወንበሩ ይቅር አልልም። ሁለቱ ይለዩ እላለሁ። ካቢኔ ውስጥ ተቀምጦ ስለ በጀትና ስለ መንገድ የሚሟገት የፖለቲካ ኃላፊ ይኑር፤ ፓርቲው የፈለገውን ይመድብ፣ መብቱ ነው፣ ሕዝብ መርጦታል። ከእሱ ጎን ግን በብቃትና በውድድር የሚቀጠር፣ የፓርቲ አባልነት የማይጠየቅ፣ ማኅተሙና የመድኃኒቱ ፊርማ በእጁ የሆነ የሙያ ኃላፊ ይኑር። ወረርሽኝ ሲጠረጥር ለዞኑም ለኢንስቲትዩቱም በአንድ ጊዜ በቀጥታ የማሳወቅ ግዴታ ይጣልበት። አስተዳዳሪው የዚያኑ ሰዓት ግልባጭ ይድረሰው፣ ነገር ግን ፈቃጅ አይሁን። ሪፖርት ያስቀረ ይጠየቅ፣ ሪፖርት በማድረጉ የተገፋ ደግሞ ወደ ሥራው የሚመለስበት መንገድ በሕጉ ውስጥ ይጻፍ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ለዕዳ ማስመለስ፣ ለመዋጮና ለሰልፍ ማሰማራትም በግልጽ ይከልከል።

ወጪው ብዙ አይመስለኝም። በየወረዳው አሁንም የቅኝት ባለሙያ አለ፤ የሌለው ሥልጣኑና ከለላው ነው። ከባዱ ነገር ገንዘቡ ሳይሆን፣ ገዢው ፓርቲ በየወረዳው ካሉት ሹመቶች አንዱን ከእጁ መልቀቁ ነው። ይህን ከእናንተ በላይ ማንም ሊጠይቀው አይችልም።

እስከዚያው ድረስ በእጃችሁ ያለ አንድ ነገር አለ። ለመስክ ምልከታ ወደ ወረዳ ስትወጡ የሚቀርብላችሁን ስላይድ አይታችሁ አትመለሱ። አንድ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ ያለፈውን ክረምት የተመላላሽ ታካሚዎች መዝገብ አስወጡ፣ ‹ተቅማጥ› የተባሉትን ቁጠሩ፣ ከዚያ ወረዳው ለዞን በላከው ሳምንታዊ ሪፖርት ላይ ያለውን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ልዩነት ካገኛችሁ የቅኝት ባለሙያውን ኃላፊው በሌለበት አነጋግሩት፣ ስሙንም በቃለ ጉባኤ አታስገቡ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
ለክልል ጤና ቢሮዎች